የቅኔ ቤት ጭንቅ ለመንደሩ ምን ይተርፈዋል?

[ምስል፦ የሣር ጎጆዎች፤ ደበሎ የለበሰ ተማሪ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ያሰላስላል]

የዚህ ልጅ ፈተና ዛሬ ነው። ትናንትም ነበረ፤ ነገም አለ። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ በጎንጅም በዋሸራም በዲማ ጊዮርጊስም፣ ተማሪ ሸምድዶ አያመልጥም። በግእዝ ልኩን የጠበቀ፣ ቤቱን የመታ፣ ሰምና ወርቅ ያለው አዲስ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ራሱ ደርሶ፣ በመምህሩ ፊት ይነግራል። ግሱ ከተዛባ፣ ምሥጢሩ ከተፋለሰ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል።

ጭንቁ ግን ደረጃ አለው፤ ትልቁ ጥበብም እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው ጉባኤ ቃና በተባለው ባለ 2 ቤት፣ ማለት ባለ 2 ስንኝ፣ ቅኔ ይነሣል፤ ባለ 3 ቤቶቹ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ይከተላሉ፤ እያለ ባለ 8 ቤት መወድስ ላይ ይደርሳል። መምህሩ ዘንድ ከመቅረቡ በፊትም ቀድሞት የገባ አስነጋሪ ይሰማዋል። ይርክስና ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1908 እ.ኤ.አ. አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት ሲያሠለጥኑ፣ ሥራው ሲከብድ ብርቱው ንዝረት መማርን እንደሚያጓትት፣ መካከለኛው እንደሚሻል አይተዋል። የቅኔ መምህር ይህን የሚያውቀው የተማሪውን ፊት አይቶ ነው።

[ምስል፦ ቅኔ ማኅሌት፤ መቋሚያና ጸናጽል]

በበዓል ቀን ልጁ ቅኔውን ሊያሰማ በሊቃውንት መካከል ይቆማል። እነዚያ ሁሉ በዚያው ጭንቅ ያለፉ ናቸውና ስሕተት አያመልጣቸውም።

አብዛኛው ምእመን ግን ግእዝ አያውቅም። ታዲያ ለእርሱ ምን ይደርሰዋል?

ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ መምህር አይሆንም። ብዙው ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ዳኝነት ይቀመጣል፤ ሽማግሌ ይሆናል። ነገር በተካረረበት ሸንጎ ላይ፣ በግልጥ ቢባል ደም የሚያፋስሰውን ቃል በሰም ሸፍኖ ያቀርበዋል። ባላጋራውም ወርቁን ያወጣል፤ ክብሩ ሳይነካ ጥፋቱን ይሰማል። የሰለጠነው የተናጋሪው አንደበት ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ፤ የአገሩ ጆሮም አብሮ ሰልጥኗል። በጎጃም አድባራት ቅኔ የተማሩት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ኋላ በዲፕሎማትነት አገራቸውን ወክለዋል። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል።

መንደሩም ዋጋ ይከፍላል። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ ያባርረዋል። ረኃቡንና እከኩን የትምህርቱ አካል አድርገው የሚያሞግሱ አሉ። እኔ በዚህ ከቶ አልስማማም። ልጁን ያሠለጠነው በመምህሩ ፊት ቅኔ መንገሩ ነው፤ ረኃብና በሽታ ግን ስንቱን ጉባኤ ቃና ላይ አስቀርተዋል። ምግብና ንጹሕ ውኃ ቢቀርብለት መወድሱ አይቀልለትም።

[ምስል፦ የቤተ ክርስቲያን ደጅ፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶች]

ማክሰኞ ቁራሹን የሰጠችው እናት፣ እሑድ ከሴቶች መቆሚያ ሆና የዚያኑ ልጅ ድምፅ ትለየዋለች።