አስፋልቱ ተከፍቶ ሳለ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ከበረንዳዬ ማዶ ያለውን ተራራ ፎቶ ላነሳ ስል ሁሌም የሚቀድመኝ ሽቦ ነው። አንድ ቀን ተናድጄ ቆጠርኩት፤ አስራ አንድ ነው። መብራት የሚያደርሱልን አራቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት የስልክና የኢንተርኔት ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ ጫፋቸው ተቆርጦ ምሰሶው ላይ ተጠቅልለው የቀሩ፣ ለማንም የማያገለግሉ ናቸው።

«ሽቦው ለምን መሬት ውስጥ አይቀበርም?» ስል፣ ይህ የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው የሚሉኝ አሉ። አልቀበልም። ሰው በየቀኑ ቀና ብሎ ስለሚያየው ነገር መጠየቅ መብቱ ነው። ደግሞም ሽቦን መሬት ውስጥ ያስገባው ውበት ብቻ አይደለም። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ ፐርል ጎዳና ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያውን ሲከፍት ኬብሉን ቀብሮት ነበር። ሌሎቹ ኩባንያዎች ግን ምሰሶ መረጡ፤ ምሰሶ ይረክሳልና። በ1888 የወረደው ከባድ የበረዶ ውሽንፍር ያን ሁሉ ምሰሶና ሽቦ መንገድ ላይ አነጠፈው። በማግስቱ ዓመት አንድ የመስመር ሠራተኛ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ ቆሞ እያየው፣ ሽቦዎቹ መሃል ተቃጥሎ ሞተ። ከተማው ተቆጣ፤ ምሰሶው እየተቆረጠ ሽቦው ወደ መሬት ወረደ።

የለንደንና የፓሪስ መሃል ከተማ ዛሬ ሽቦ አይታይበትም። ቶኪዮ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መብራት ቶሎ ለማዳረስ ብላ ምሰሶ ተከለች፤ ጃፓን ምሰሶ የሚቀነስበትን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ያኔ የታለፈው ወጪ ዛሬ እየተከፈለ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። መቅበር ከምሰሶ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በተጨናነቀ ከተማ አስር እጥፍም ሊደርስ ይችላል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከኤሌክትሪክ መስመር የተነሳ እሳት 85 ሰው ከገደለ በኋላ 10,000 ማይል መስመር ለመቅበር ታቅዶ ነበር፤ የአንዱ ማይል ወጪ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል።

ለምን ይህን ያህል? ላይ የተዘረጋውን ሽቦ አየር በነፃ ይከላከልለታል፣ በነፃ ያቀዘቅዘዋል። የተቀበረው ግን ወፍራም ሽፋን ይፈልጋል፤ ሙቀቱም ቶሎ አይወጣለትም። ይህም ሆኖ ትልቁ ወጪ ኬብሉ አይደለም፤ ቁፋሮው ነው። አስፋልት መቁረጥ፣ ትራፊክ ማስቀየስ፣ የውኃና የፍሳሽ ቱቦ ሳይነኩ ማለፍ፣ መልሶ መድፈን።

ብልሽትም አለ። ላይ የተበጠሰን ሽቦ ሠራተኛው በዓይኑ ያየዋል፤ መሬት ውስጥ የተቃጠለው በመሣሪያ ተፈልጎ፣ ተቆፍሮ ነው የሚገኘው። የኒውዚላንዷ ኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ መሃል ከተማ የሚገቡት አራት ዋና ኬብሎች ተከታትለው ሲበላሹባት የንግድ ማዕከሏ አምስት ሳምንት ያህል ተቸግሯል። ስለዚህ የሚቀበር መስመር መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል። ከከተማ ውጭ በማማ የሚሄደውን ከፍተኛ ቮልቴጅም ቅበሩ አልልም፤ እሱን መቅበር ሌላ ሂሳብ፣ ሌላ ችግር ነው። የእኔ ጥያቄ በመኖሪያ ሰፈርና በገበያ መንገድ ላይ ያለው ነው።

እኔ የምኖርበት መንገድ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ተቆፍሯል። መጀመሪያ ለውኃ፣ ቀጥሎ ለፍሳሽ፣ ከዚያ ለኢንተርኔት ፋይበር። ሦስቴ ተቆረጠ፣ ሦስቴ ተደፈነ፤ ዛሬ መኪና ሲያልፍበት የቤቴ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ያንን ሁሉ ቁፋሮ ከፍለንበታል። ሦስቱንም ጊዜ ግን ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ የጣለ የለም። ባዶ ቱቦ ቢኖር ኬብሉን በኋላ፣ ገንዘብ ሲገኝ፣ ከማንሆል ማንሆል ስቦ ማስገባት ይቻል ነበር፤ አስፋልቱም አይነካም።

ስለዚህ የመንገድ ሥራ የምታጸድቁ ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለኤሌክትሪክና ለስልክ ባዶ ቱቦ የሌለው የመንገድ ዲዛይን አትፈርሙ። ምሰሶ ላይ ተጠቅልለው የቀሩት የሞቱ ሽቦዎች ደግሞ ቁፋሮ አያስፈልጋቸውም፤ መሰላልና መቁረጫ ይበቃቸዋል። በእነሱ ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል።

አመሰግናለሁ።