ሳፕ ቦርዴን ላሳጥር ወይስ ልቆይ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሳፕ ሰርፍ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ለማያውቁት፣ ሳፕ ማለት ላዩ ላይ ቆመው በረጅም መቅዘፊያ የሚቀዝፉት ሰፊ ቦርድ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እዚህ እስራኤል ኪኔሬት ሐይቅ ላይ ቀስ እያሉ ሲንሸራሸሩበት ነው። የደወላችሁት ግን አብዛኞቻችሁ ማዕበል የቀመሳችሁ፣ በቦርዱ ማዕበሉን ይዛችሁ የምትንሸራተቱ ናችሁ፤ ሰርፍ የሚባለው ይሄ ነው። ጥያቄያችሁም ዞሮ ዞሮ ያው ነው፤ "ረጅሙን ትቼ አጭር ልግዛ?" ሰዓት ያልበቃላቸውን ጥያቄዎች እዚህ መልሻለሁ። በአየር ላይ የመለስኩትን የመጀመሪያውንም ደግሜዋለሁ፤ ቁጥር የበዛበት ነገር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣልና።

ከአሽዶድ የደወለ ወጣት፦ "82 ኪሎ ነኝ። ቦርዴ 10 ጫማ ከ6 ኢንች፣ 170 ሊትር ነው። ሁለት በጋ ሠርቼበታለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ 8 ጫማ ላይ ናቸው። በቀጥታ ወደ 8 ልውረድ?"

አትውረድ። ቢያንስ ዘንድሮ አትውረድ።

መጀመሪያ ጫማውን፣ ማለትም ርዝመቱን፣ ተወውና ሊትሩን፣ ማለትም የቦርዱን ይዘት፣ ጠይቅ። የሚሸከምህ ሊትሩ ነው። ርዝመቱ የሚነግርህ ቦርዱ እንዴት እንደሚንሸራተትና እንዴት እንደሚታጠፍ ነው። 8 ጫማ ከ6 ኢንች የሆኑ ሁለት ቦርዶች አንዱ 105፣ ሌላው 135 ሊትር ሊሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስታያቸው መንታ ይመስላሉ። ውሃ ላይ ግን አንዱ ቀጥ አድርጎ ያቆምሃል፣ ሌላው ሲጥልህ ይውላል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጓደኛህ "ሞክረው" ብሎ የሰጠህ ቦርድ 95 ሊትር ነው እንበል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ 1.025 ገደማ። ስለዚህ ቦርዱ ቢበዛ 97 ኪሎ ይሸከማል። አንተ 82 ነህ። ቦርዱ ራሱ 8 ኪሎ ይመዝናል። የክረምት የውሃ ልብስ ከነእርጥቡ ሦስት ኪሎ አይጠፋውም። ድምሩ 93 መጣ። የቀረህ አራት ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ ዝም ብለህ ስትቆም ቦርዱ በሙሉ ለማለት ይቻላል ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃው ቁርጭምጭሚትህ ጋ ይደርሳል። ስትቀዝፍ ቀና ይላል፣ ስታቆም ይሰምጣል። ማዕበል ጠብቆ መቆም የሚባለው ነገር ራሱ ሥራ ይሆንብሃል። (ያንኑ ቦርድ ኪኔሬት ብትወስደው ደግሞ ይብሳል፤ ጨው የሌለው ውሃ ያቺን ሁለት ኪሎም ይነሳሃል።)

ጓደኞችህስ? 65 ኪሎ ከሆኑ ለእነሱ ያው ቦርድ የክብደታቸው አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ነው። እንደ ልባቸው ይቆሙበታል። አንተ በእነሱ ቦርድ ስትወድቅ ችሎታ ያነሰህ ይመስልሃል እንጂ ያነሰህ ሊትር ነው።

እኔ የምመክረው ይሄን ነው። የመጀመሪያው ቅነሳ የክብደትህን 1.6 እጥፍ አካባቢ ይሁን። ላንተ 130 ሊትር ይመጣል። ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ወይም 9 ከ6 ኢንች። እሱ ሲለምድልህ ወደ 1.3፣ ማለትም ወደ 107 ሊትር ግድም ትወርዳለህ፤ ያኔ 8 ጫማ ከ6 ምናምን ማሰብ ይቻላል። ውድድር ላይ የምታያቸው 7 ጫማ ግድም የሚነዱት ልጆች ሊትራቸው ከክብደታቸው ብዙም አይርቅም። ግን እነሱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባሕር ውስጥ ያደጉ ናቸው።

ስፋቱን ደግሞ አብረህ አትቀንስ። አሁን 32 ኢንች ላይ ከሆንክ (81 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው) አዲሱ 31 ቢሆን ይበቃል። ርዝመትም ስፋትም ባንድ ጊዜ ያሳጠረ ሰው ቦርዱን በወሩ ሲሸጠው ነው የማየው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። አሁን ባለው ቦርድህ ላይ አንድ እግርህን ወደ ኋላ ወስደህ፣ ጅራቱን ረግጠህ፣ አፍንጫውን አንስተህ ታዞረዋለህ? ማዕበል ላይ ሆነህ ማለቴ ነው። ካላዞርከው አጭሩ ምንም አይጨምርልህም። ሁልጊዜ መሀል ላይ እግሩን ትይዩ አድርጎ የሚቆም ሰው 8 ጫማም ላይ እንደዚያው ነው የሚቆመው፤ ልዩነቱ ቶሎ መውደቁ ነው። ይህን ረጅሙ ላይ ተማርና ከዚያ ና።

ረጅሙን ደግሞ እንዳትሸጠው። የእኛ ሜዲትራኒያን በበጋ ጉልበት የለውም። ማዕበሉ ጉልበት ድረስ ቢደርስ ነው፤ ያን ረጅም ቦርድ ብቻ ይይዘዋል። አጭሩ የሚያስፈልግህ በክረምት ነው፣ አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ። ያኔ ማዕበሉ ተከታትሎ ይመጣል፣ ፊቱም ቀጥ ያለ ነው። የ10 ጫማው አፍንጫ እዚያ ውስጥ ይተከልና አንተ ወደ ፊት ትበራለህ። አጭሩ ግን ቁልቁለቱ ውስጥ ይገጥማል።

ከነታንያ የደወለች እህት፦ "የወንድሜን 8 ጫማ ከ10 ሞከርኩት። አልወደቅኩም። ግን ቀጥ ብሎ አልሄድ አለኝ፣ በቀዘፍኩ ቁጥር አፍንጫው ይዞራል። አንድም ማዕበል አልያዝኩም።"

ካልወደቅሽ ትልቁን ነገር አልፈሻል። የቀረው አቀዛዘፍ ነው።

ረጅም ቦርድ ስህተትሽን ይሸፍንልሻል። አጭሩ አይሸፍንም። መቅዘፊያውን ምን ያህል እንዳጋደልሽ ወዲያው ያጋልጥሻል። ስትቀዝፊ የላይኛው እጅሽ የት ነው? ከደረትሽ ፊት ከሆነ መቅዘፊያው ተጋድሟል፤ ውሃውን በግማሽ ክብ እየጠረገ አፍንጫውን ወደ ሌላው ጎን ይገፋዋል። የላይኛው እጅሽ ከታችኛው በላይ፣ ከቦርዱ ጠርዝ ውጪ መሆን አለበት። ያኔ ዘንጉ ቀጥ ይላል፣ ጠፍጣፋው ጫፍም ጠርዙን እየታከከ ያልፋል።

ሁለተኛው፣ ምቱን አሳጥሪው። ፊት ለፊት ዘርግተሽ ክተቺው፣ እግርሽ ጋ ሲደርስ አውጪው። ከእግርሽ ኋላ የምትጎትቺው ሁሉ የሚያዞር ነው እንጂ የሚያስኬድ አይደለም። አጭር፣ ፈጣን፣ በአንድ ጎን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። መጀመሪያ ጎን መቀያየሩ ያምታታሻል። ማዕበል በሌለበት ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ዳርቻውን ይዘሽ ተለማመጂው።

ማዕበል ያልያዝሽበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ረጅሙ ቦርድ ላይ ማዕበሉ ገና ሳይነሳ፣ ከሩቅ ሆነሽ ነው የምትይዢው። አጭሩ ያን ያህል መንሸራተት የለውም። ስለዚህ ወደ ዳርቻው ጠጋ በይ፣ ማዕበሉ ቀና ብሎ ሊሰበር ሲል ወደሚገኝበት ቦታ። አንድ እግርሽን ትንሽ ወደ ኋላ አድርገሽ ቁሚ። አራት አምስት ጠንካራ ምት ምቺ። ቦርዱ መንሸራተት ሲጀምር ወዲያው ቀጥ ብለሽ አትነሺ፤ አንድ ምት ጨምሪ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ከዚያ የኋላ እግርሽን ወደ ጅራቱ ውሰጂ። ሰው ሁሉ ማዕበሉን የሚያጣው በዚያች ባልተጨመረች ምት ነው።

መቅዘፊያውን ስለማሳጠር የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ፦

አዎ፣ ይጠር። ለጠፍጣፋ ውሃ ከቁመታችሁ 20 እና 25 ሴንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ነበር የያዛችሁት። ለማዕበል 10 ይበቃል፤ አንዳንዱ በቁመቱ ልክ ያደርገዋል። ጉልበት አጥፎ ለሚሠራ ሰው ረጅም ዘንግ ትከሻውን ይፈጀዋል። ግን መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት የሚስተካከል መቅዘፊያ ተውሳችሁ ሞክሩ። የተቆረጠ አይቀጠልም።

የሚነፋ ሳፕ ያላት የአሽቀሎን ደዋይ፦ "አጭር የሚነፋ ልግዛ? ቤቴ ጠባብ ነው።"

ለማዕበል አይሆንሽም። የሚነፋው ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጠርዙም ድቡልቡል ነው። ማዕበል ላይ የሚያዞርሽ ቀጠን ብሎ ውሃውን የሚነክሰው ጠርዝ ነው፤ እሱ የለውም። መሀሉም ይለምጣል። ለጸጥተኛ ውሃ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው፣ ያዢው። ለማዕበል ጠንካራውን፣ የማይነፋውን ቦርድ ተከራዪ፤ ዳርቻው ላይ ያሉ ክለቦች ብዙዎቹ ቦርድ በአደራ ያስቀምጣሉ፣ የቤትሽ ጥበትም በዚያው ይፈታል።

ከካሊፎርኒያ በኢንተርኔት የሚያዳምጠን ወንድም፦ "ሰርፈሮቹ ይጮኹብኛል። 'ማዕበሉን ሁሉ ትወስዳለህ' ይሉኛል። አጭር ቦርድ ብይዝ ይተዉኛል?"

ወንድሜ፣ ይብስብህ ይሆናል እንጂ አይተዉህም። አሁን በረጅሙ ከሩቅ ትይዛለህ፣ እነሱ ከውስጥ ይጠብቃሉ። አጭር ስትይዝ አንተም እነሱ ወደተቀመጡበት ቦታ ትገባለህ። በቆምክበት ከሁሉም ቀድመህ ማዕበሉን ታያለህ፣ ሳትተኛም ትቀዝፋለህ። ሆዳቸው ላይ ተኝተው በእጃቸው ለሚቀዝፉት ይህ ያበሳጫል፤ እውነት ለመናገር እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እበሳጫለሁ።

ሕጉ የታወቀ ነው። ማዕበሉ መሰበር ለሚጀምርበት ጫፍ የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው። አንዱን ከያዝክ ቀጣዩን ልቀቅ። በስም ጥራና "ያንተ ነው፣ ሂድ" በል። ቦታም ምረጥ። ሳን ኦኖፍሬ ላይ ዶግፓች የሚባለው ጫፍ የሳፕ ሰው የሚሰበሰብበት ነው፤ ዶሄኒም ማዕበሉ ለስላሳ ነው፣ ሳፕም ለምደዋል። ማሊቡ ላይ በሰንበት ቀን መቅዘፊያ ይዘህ ባትታይ ይሻላል።

ስለ ላይፍ ጃኬቱም ጠይቀህ ነበር። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ በ2008 ከሰርፍ፣ ከዋናና ከመታጠቢያ ክልል ውጪ የሚገኝን ሳፕ እንደ ጀልባ እንዲቆጠር ወስኗል። ማዕበሉ ውስጥ ስትሆን አይመለከትህም። ከዚያ አልፈህ ወደ ወደብ ወይም ወደ ክፍት ባሕር ስትቀዝፍ ግን ጃኬትና ፊሽካ ቦርዱ ላይ ይኑሩ።

የ13 ዓመት ልጅ እናት፣ ከሐዴራ፦ "ልጄ 42 ኪሎ ነው። አጭር ግዢልኝ እያለ አስጨንቆኛል። አደጋ የለውም?"

እናቴ፣ ለእሱ ክብደት 70 ሊትር ይበቃዋል፤ ለእሱ አጭር ማለት ትክክለኛው ነው። የአዋቂ ቦርድ ላይ ቢወጣ እንዲያውም መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ነፋስ ይወስድበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ገመዱ ነው። እግር ላይ የሚታሰረው ገመድ ለማዕበል ቀጥ ያለው ይሁን፣ ቁመቱም ከቦርዱ ጋር የተቀራረበ። እንደ ስልክ ሽቦ የተጠቀለለው ለጸጥተኛ ውሃ ነው፤ ማዕበል ውስጥ ተለጥጦ ቦርዱን ፊቱ ላይ ይመልሰዋል። ገመዱ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ይቀየር፣ ውድ አይደለም። ሲወድቅ በጭንቅላቱ አይጥለቅ፣ በጀርባው ጠፍጠፍ ብሎ ይውደቅ፤ ሲወጣም ክንዱን ፊቱ ላይ አድርጎ። የራስ ቁር ቢያደርግ ደግሞ ማንም አይስቅበትም። በክረምት፣ የባሕር መዋኛው ወቅት ካለቀ በኋላ፣ ብዙ ዳርቻ ላይ ነፍስ አዳኝ ስለማይቆም ብቻውን እንዳይገባ።

የመጨረሻው ደዋይ፣ ከአሽዶድ፦ "ያገለገለ 9 ጫማ አግኝቻለሁ፣ ዋጋው ደስ ይላል። ምን ልይ?"

መጀመሪያ ሊትሩን አንብብ፣ ብዙ ጊዜ ከላይ ወይም ከታች ጅራቱ አካባቢ ተጽፏል። ከዚያ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጎማ፣ ሰው ሁልጊዜ የሚቆምበትን ቦታ፣ በአውራ ጣትህ ተጫነው። ከገባልህ ወይም ከተንኳኳ ውስጡ ለቋል። ገልብጠውና ከሥሩ ያሉት አቅጣጫ የሚያስይዙት ክንፎች የሚገቡበትን ጉድጓድ ዙሪያ እይ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ ውሃ ታስገባለች። የተጠገነበት ቦታ መኖሩ ችግር የለውም፣ በደንብ ከተጠገነ። ቀለሙ ቢወይብም ፀሐይ ነው፣ አትስጋ።

በመጨረሻ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ ብቻህን ውጣበት፣ ከዚያ ቦርዱን ታቅፈህ። ልዩነቱ ፋብሪካው ከሚለው ክብደት በአንድ ኪሎ ተኩል ከበለጠ ውሃ ጠጥቷል። ሻጩ "አይ፣ ይሄ ሞዴል ከባድ ነው" ይልሃል። ተወው።