ማርጎና ሁለተኛዋ ወረቀት

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። በዚህ ብርድ፣ ከሥራ በቀጥታ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አዝላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ ስኮትላንድ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ፣ ፓስፖርቱ የትም አገር ይሁን፣ ለስኮትላንድ ፓርላማ መምረጥ ይችላል። ጣቢያው ስትደርሱ ሁለት ወረቀት ይሰጣችኋል። አንዷ ፈዘዝ ያለች ሐምራዊ ናት፤ የአካባቢያችሁን ተወካይ የምትመርጡባት። ሁለተኛዋ የኮክ ቀለም አላት፤ እሷ የክልሉ ናት፤ ፓርቲ ወይም ብቻውን የሚወዳደር ሰው ትመርጡባታላችሁ፣ ፓርቲ ከሆነ ካዘጋጀው የስም ዝርዝር ከላይ ያሉት በድምፁ መጠን ይገባሉ። ብዙ ሰው ይቺን ሁለተኛዋን እንደ ምርቃት ያያታል። እኔ ግን ዛሬ የማወራው በእሷ ፓርላማ ስለገባች አንዲት ሴት ነው።

ማርጎ ማክዶናልድ ትባላለች። ኤድንብራ ውስጥ ማርጎ ካልክ ይበቃል፣ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። የስፖርት አስተማሪ ነበረች። በ1973፣ ገና በ30 ዓመቷ፣ የሌበር ፓርቲ ምሽግ የነበረውን የግላስጎውን የጎቫን ምርጫ ወረዳ ለብሪታንያ ፓርላማ በ571 ድምፅ በልጣ አሸነፈች። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በመጣው ምርጫ ወንበሩን አጣችው።

በ1999 የስኮትላንድ ፓርላማ ሲቋቋም ለስኮትላንድ ነፃነት በሚታገለው ፓርቲ በኤስኤንፒ ዝርዝር፣ ኤድንብራ ያለችበት የሎዲያን ክልል ተወካይ ሆነች። አፏን ግን አልያዘችም። የፓርላማው ሕንፃ ወጪ እያደገ 414 ሚሊዮን ፓውንድ ሲደርስ፣ የሕዝብ ገንዘብ ነው ብላ አጥብቃ ከጠየቁት አንዷ እሷ ነበረች። በ2002 ፓርቲው በክልሉ ዝርዝር አምስተኛ ላይ አስቀመጣት። አምስተኛ ማለት እኮ በትህትና በሩን ማሳየት ነው! በዚያው ዓመት ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ ሕመም እንዳለባት ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እሷ በ2003 ብቻዋን ተወዳደረች፣ ከ27 ሺህ በላይ ሰው ሁለተኛዋ ወረቀት ላይ ስሟን መረጠ። በ2007ም በ2011ም ደገመችው። በ2011 ከተመረጡት 129 ሰዎች ፓርቲ የሌላት እሷ ብቻ ነበረች።

ከሁሉ የከበደው ሥራዋ፣ በጠና የታመመ ሰው ከፈለገ በእርዳታ እንዲሞት የሚፈቅደው ረቂቅ ሕግ ነው። እኔ በእምነቴ አልቀበለውም። ግን ሕመሟን ተሸክማ፣ ከጀርባዋ ፓርቲ ሳይኖር፣ ስለራሷ ሞት ጭምር በአደባባይ መከራከሯን ሳስብ ልቤ ይነካል። ረቂቁ በ2010 በ85 ለ16 ድምፅ ወደቀ። በ2013 እንደገና ይዛው መጣች።

ውጤቱን አላየችም። ኤፕሪል 4 ቀን 2014 በ70 ዓመቷ አረፈች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የታገለችለት የስኮትላንድ ነፃነት ሕዝበ ውሳኔ አምስት ወር ሲቀረው። ረቂቁም በ2015 ዳግመኛ ውድቅ ሆነ።

በክልል ዝርዝር የገባ የፓርቲ ሰው ሲሞት ከዝርዝሩ ቀጥሎ ያለው ይተካዋል። ከማርጎ ቀጥሎ ግን ማንም አልነበረም። ወንበሯ እስከ 2016 ምርጫ ድረስ ባዶውን ቆየ።

አመሰግናለሁ። የመራጭነት ቅጽ ያልሞላችሁ ወደ እኔ ኑ፣ አብረን እንሞላለን።