ቡቺ ማጉረምረም ከተወ ወዲህ

እሺ… እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ያለፈውን ወሬ እንጨርሳለን ብዬ ነበር፣ ግን ይቆየን። የቡቺ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። አዎ፣ ቡቺ፣ የእማዬ ትንሽ ውሻ፣ እናንተ «አባወራው» የምትሉት።

እማዬ ደውላ «ማጉረምረሙን ተወልን እኮ፣ ጨዋ ሆነ» አለችኝ። በጣም ደስ ብሏታል። እኔን ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ። ከዚያ እሁድ ወደ አፍንጮ በር፣ እማዬ ቤት ወጣሁ፣ ቡና ተፈላ፣ እና…

ይህችን ቅጽበት ደጋግሜ እያመላለስኳት ነው። ቡቺ የእማዬ በርጩማ ሥር ተኝቷል። አክስቴ ገባች። ታውቋታላችሁ፣ እሷ ስትገባ ቤቱ ይሞላል። «ቡቺዬ! የኔ ጌታ!» ብላ ጎንበስ አለችበት፣ እጇን ወደ አናቱ ሰደደች። እዚህ ጋ ቀስ እንበል። መጀመሪያ አፍንጫውን ላሰ። አጠገቡ የሚበላ ነገር የለም። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ቀረ፣ ነጩ በጠርዙ በኩል ወጣ። አፉ ግጥም አለ። ጅራቱ ደረቀ። መላ አካሉ ቀጥ አለ፣ ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ ቀጭ! ጥርሱ የነጠላዋን ጥለት ያዘ፣ እጇን አላገኘውም። ስኒ ተገለበጠ፣ አክስቴ ጮኸች፣ እማዬ «ምንም ሳይል! ደህና ተኝቶ!» ትላለች።

ምንም ሳይል? ብዙ ብሏል እኮ! ያላለው ማጉረምረሙን ብቻ ነው። እሱንም የተወው ባጉረመረመ ቁጥር ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ ስለሚለው ነው። ውሻ ሲያጉረመርም «ፈርቻለሁ፣ ራቁልኝ» እያለ ነው። ስትመታው ፍርሃቱ አይጠፋም፣ ድምፁ ነው የሚጠፋው። ማስጠንቀቂያው ይቀርና ጥርሱ ይቀድማል። ይሄን «ጨዋነት» ሲሉት… ያናድደኛል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

ትልቅ ውሻ ቢሆን ገና አፉን ሲገጥም ሁሉም ይሸሽ ነበር። ትንሽ ሲሆን ይሳቅበታል፣ ብብት ሥር ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ጃንሆይ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው አይደል? ፎቶዎቹን ሳይ የማስበው እሱን ነው፤ ያ ሁሉ ሹም፣ ያ ሁሉ እንግዳ፣ ከታች ሆኖ ሲታይ ያ ሁሉ ጫማ። ምን ይሰማው ነበር… እንጃ። ወዴት ሄድኩ እኔ።

በአክስቴ ግን አልፈርድባትም። እዚህ ከተማ ያደገ ሰው «እብድ ውሻ» የሚለውን እየሰማ ነው ያደገው። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ፍርሃቷ ፍርሃት ነው። ቡቺ በየዓመቱ ይከተባል፤ የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ግን ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ለክትባት። «ትንሽ ጭረት ናት» አይባልም፣ እሺ?

እና ደግሞ ምናልባት ያመዋል። የእነዚህ ትናንሽ ውሾች መንጋጋ ጠባብ ስለሆነ ጥርሳቸው ይደራረባል፣ ድዳቸው ይመረቅዛል። ጥርስህን እያመመህ ሰው ፊትህን ሲዳብስህ አስበው። ለእማዬ «ሐኪም ይየው» አልኳት። «ውሻ ጥርስ ያመዋል እንዴ?» አለችኝ። ወይ ደግሞ ከሕፃንነቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያየውን ሰው፣ የሰማውን ድምፅ ነው ዕድሜ ልኩን የሚለምደው። ቡቺ ያን ጊዜ የት ነበር? በካርቶን ነው የመጣልን፣ ከዚያ በፊት ማን እጅ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ደርሶም ውጪ መንገዱ ሲቆፈር፣ ቆርቆሮ ሲነቀል ነው የቆየው። ከአልጋ ሥር አይወጣም ነበር። ጎረቤቱም ግማሹ ሄዷል፣ ቡናው ላይ እኮ ሦስት ሰው ብቻ… እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ ዛሬ አልችለውም።

አክስቴን «ጎኑ ቁጭ በይ፣ አትዪው፣ ራሱ ይምጣ፣ ከመጣም አናቱን ሳይሆን ደረቱን እከኪው» አልኳት። «ለውሻ ፈቃድ ልጠይቅ?» አለች። አዎ! ምን አለበት?

አሁን የሚያስጨንቀኝ ክረምቱ ነው። የእህቴ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ እማዬ ጋ ሊሰነብት ነው፤ ገና ትንሽ ነው፣ ያየውን ሁሉ ማቀፍ ይወዳል። እማዬ «አስረዋለሁ» ትላለች። ታስሮ መሸሽ ያቃተው ውሻ ደግሞ ይብሳል እኮ። «ሲያጉረመርም አትምቱት፣ ልጁን አንሱት» አልኳቸው፣ እሺም አሉኝ። ግን ድምፁን አንዴ ከተወ በኋላ መልሶ ያወጣው ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ ያንን አፍንጫ መላሱን የምጠብቀው… ሥራውስ? ቆይ፣ እህቴ ናት የምትደውለው፣ ላንሳው…