የአሮጌ ጓሮ ትራክተር መለዋወጫ፦ ከስሙ በፊት ልኩን መያዝ

[ምስል፦ ኮፈኑ የተነሣ፣ ዝገት የወረሰው ትንሽ ትራክተር]

በምስሉ የሚታየው የጓሮ ትራክተር ሣር ለማጨድ፣ አነስተኛ መሬት ለማለስለስና በረዶ ለመጥረግ የተሠራ፣ ከእርሻ ትራክተር በብዙ የሚያንስ ማሽን ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ካብ ካዴትን እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1961፣ ጆን ዲር ደግሞ 110 የተሰኘውን ሞዴል በ1963 ለገበያ ሲያቀርቡ፣ እንደ ዊል ሆርስ ያሉ አምራቾች ቀድመው በዚሁ ሥራ ላይ ነበሩ። ኋላ ግን ካብ ካዴት በ1981 ወደ ኤምቲዲ ኩባንያ፣ ዊል ሆርስ በ1986 ወደ ቶሮ የተዛወሩ ሲሆን፣ ለብዙ ትራክተሮች ሞተር ያቀርብ የነበረው ቴከምሴም በ2008 ሞተር ማምረቱን አቁሟል። በዚህ ምክንያት የትራክተሩን ስም ብቻ ይዞ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሆኖም የትራክተሩ አምራች ከዕቃዎቹ ብዙዎቹን ራሱ አልሠራቸውም፤ ከሞተር፣ ከካርቡራተር፣ ከኩሽኔታና ከቺንጋ ፋብሪካዎች ገዝቶ የገጣጠማቸው ናቸው። ለምሳሌ የኮለር ኬ ተከታታይ ሞተሮች በካብ ካዴት፣ በጆን ዲርና በዊል ሆርስ ላይ ተገጥመው ይገኛሉ። ስለዚህ ለሞተሩ ዕቃ ሲፈለግ መነበብ ያለበት ኮፈኑ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን በሞተሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የሰፈሩት የሞዴል፣ የዝርዝርና የተከታታይ ቁጥሮች ናቸው።

[ምስል፦ የኩሽኔታ ጠርዝ በቅርበት፣ 6204 የሚል ቁጥር]

ኩሽኔታ ከሁሉም የቀለለው ጉዳይ ነው። ጠርዙ ላይ 6204 የሚል ቁጥር ካለ፣ ማንም ፋብሪካ ቢሠራው፣ የውስጥ ስፋቱ 20፣ የውጭ ስፋቱ 47፣ ውፍረቱ ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ፓራዮሊዮም (በዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክለው ቀለበት) እንዲሁ በዘንጉ ስፋት፣ በመቀመጫው ስፋትና በውፍረቱ ይታዘዛል።

በልኬት ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት በኢንች ልኬት በመሆኑ፣ በሜትሪክ መለኪያ 19 ሚሊ ሜትር የመሰለው ዘንግ በእርግጥ የኢንች ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 19.05 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ይህች የ0.05 ልዩነት ለኩሽኔታ መቀመጫ ትልቅ ናት። የሩብ ኢንች ቡሎን ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ወይም 28 ጥርስ አለው፤ በዚያ ቀዳዳ የ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን በግድ የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ልጦ ይጨርሰዋል።

ቺንጋም ጥንቃቄ ይሻል። ያረጀው ቺንጋ ተለጥጦ ስለሚረዝም የእርሱን ርዝመት መለካት ያሳስታል፤ ይልቁንም ቺንጋውን የሚወጥረው ክፍል በመካከለኛ ቦታው ላይ እንዳለ ቺንጋው በሚዞርባቸው ፑሊዎች ዙሪያ ገመድ አዙሮ መለካት ይሻላል። በብዙዎቹ ትራክተሮች ላይ ቺንጋው እየላላና እየጠበቀ የፍሪሲዮንን (የሞተሩን ኃይል የማገናኘትና የማቋረጥ) ሥራ ስለሚሠራ፣ ለተራ ማሽን የተሠራ ቺንጋ ስፋቱ ቢገጥምም ቶሎ ይቃጠላል። አራሚድ በተባለ ጠንካራ ክር የተጠናከረውን፣ ለዚህ ሥራ የታሰበውን መምረጥ ተገቢ ነው።

[ምስል፦ ሞተሩ ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ]

ወደ ሞተሩ ስንገባ፣ ከመፍታት በፊት የሚደረገው የግፊት ምርመራ ብዙ ሰው ያሳስታል። ብዙዎቹ የኮለር ኬ ሞተሮች በቀላሉ እንዲነሡ፣ በዝግታ በሚዞሩበት ጊዜ የጭስ ማውጫ ቫልቩን በጥቂቱ የሚከፍት ስልት በካም ዘንጋቸው ላይ አላቸው፤ በመሆኑም በተለመደው መለኪያ የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ማለቁን አያረጋግጥም። ፒስተኑን በላይኛው ጫፉ አቁሞ፣ ሁለቱ ቫልቮች በተዘጉበት ሰዓት የታመቀ አየር በካንዴላው ቀዳዳ በማስገባት አየሩ በየት በኩል እንደሚያፈተልክ ማዳመጥ ይበልጥ የታመነ ነው፦ በካርቡራተር በኩል ከሆነ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) በኩል ከሆነ የጭስ ማውጫው፣ በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው።

ከ10 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት ያላቸው የዚህ ቤተሰብ ሞተሮች፣ ማለትም ኬ241፣ ኬ301፣ ኬ321 እና ኬ341፣ ብዙዎቹ ንዝረት እንዲቀንሱ የተጨመሩ የሚዛን ማርሾች በውስጣቸው ይዘዋል። እነዚህ ማርሾች ሲያረጁ ተሰብረው የሞተሩን ግድግዳ እስከመብሳት ይደርሳሉ። ብዙ አዳሾች ሞተሩ ሲከፈት ጨርሶ ያወጧቸዋል፤ ንዝረቱ በመጠኑ ይጨምራል፣ ሞተሩ ግን ከዚህ አደጋ ይድናል። እኛም ከእነርሱ ጋር እንስማማለን።

የተበላ ሲሊንደር በ0.010፣ በ0.020 ወይም በ0.030 ኢንች እንዲሰፋ ተደርጎ በዚያው መጠን የሚሰፋ ፒስተን ይገጠምለታል። የእሳት መቁረጫ ነጥቦቹ ክፍተት ደግሞ ለእነዚህ ሞተሮች 0.020 ኢንች፣ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ቮላኖውን (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ያለውን ከባድ መዘውር) በመዶሻ ከማላቀቅ ይልቅ የተገቢውን ማውጫ መሣሪያ መጠቀም ክራንክሻፍቱን ከመጣመም ይታደጋል።

አሁን በገበያ ወደማይገኙት ዕቃዎች እንለፍ። ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ከጓርኒሲዮን ወረቀት በመቀስና በመብሻ ሊቆረጥ ይችላል፤ ወረቀቱን መቀመጫው ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በክብ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ቅርጹን ያትመዋል። የተበላ ቦኮላ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ከነሐስ በቶርኖ ላይ ማውጣት ቀላል ነው፤ ዘይት በራሱ ውስጥ የሚይዘው የነሐስ ዓይነት ለቀላል ጭነት ሲመች፣ ከባድ ጭነት ላለበት መገናኛ ጠጣሩና ቅባት የሚሰጠው ዓይነት ይመረጣል።

ጥርስ ያለው ማርሽ ግን አሳብ ይፈልጋል። ለቀጥተኛ ጥርስ ማርሽ፣ የጥርሶቹ ቁጥር ላይ 2 ተደምሮ በውጭ ስፋቱ በኢንች ሲካፈል የጥርሱ መጠን ይገኛል፦ 18 ጥርስ ያለውና 2.5 ኢንች የሚሰፋ ማርሽ 20 ሲካፈል ለ2.5፣ ማለትም 8 ይሰጣል። ይህም አያበቃም፤ የጥርሱ ዘንበል ማለት 14.5 ወይም 20 ዲግሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ ተመሳስሎ ዘንበሉ ከተለየ ሁለቱ ማርሾች እየተፋጩ ያልቃሉ። ስለዚህም የተሰበረው ማርሽ አዲሱ ተገጥሞ እስኪሠራ ድረስ መጣል የለበትም፤ ያለው ሥዕል እርሱ ብቻ ነው።

ተቀልጦ ለሚሠራ ዕቃም የተሰበረው ዕቃ ራሱ ሞዴል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ሞዴሉ ለካስት አይረን ወደ 1 በመቶ፣ ለአሉሚኒየም ደግሞ ወደ 1.3 በመቶ ያህል ተጨምሮበት መሠራት አለበት። በፕላስቲክ (3D) ማተሚያ የሚወጣ ሞዴል ለዚህ በጣም ይመቻል፤ መጠኑን በኮምፒውተር ላይ ማሳደግ ብቻ ይበቃልና። ያንኑ ፕላስቲክ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ለመግጠም ማሰብ ግን ከንቱ ነው፤ ከተለመዱት አንዱ፣ ፒኤልኤ የሚባለው፣ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይለሰልሳል።

[ምስል፦ በባልዲ ውስጥ የተንጠለጠለ የዛገ ብረት፣ ከባትሪ መሙያ ጋር የተገናኘ]

ዝገትን በኤሌክትሮሊሲስ ማስወገድ ብረቱን ሳይበላ ውስብስብ ቅርጽን ያጸዳል። በውኃ ውስጥ የማጠቢያ ሶዳ ይሟሟል፣ የባትሪ መሙያው ኔጋቲቭ ከዛገው ዕቃ ጋር፣ ፖዘቲቩ ከሌላ ተራ ብረት ጋር ይያያዛል። ከማይዝግ ብረት ፖዘቲቭ መሥራት መርዛማ ክሮሚየም ያስወጣል፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚቀጣጠል ሥራው አየር በሚዘዋወርበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ ይሁን። አሉሚኒየምን በዚህ ውስጥ ማስገባት አይገባም። የአሮጌ ፍሬንና ፍሪሲዮን አቧራም ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር ግፊት አይነፋም።

ቀለም የሚወድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፣ ግን የፋብሪካው ቀለም ያልተላጠበት ትራክተር አዲስ ቀለም ከሚቀባ ይልቅ ቢታጠብና ቢጠበቅ እንመርጣለን፤ መቀባት ቢፈለግ እንኳ ሁሉም ነገር ከሠራ በኋላ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሣ የሚያፈስስ ጓርኒሲዮን ወይም ቧንቧ አዲሱን ቀለም ያበላሸዋል። ሞተሩ ከተነሣና ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ተጠብቆ፣ የሲሊንደሩ ራስ ቡሎኖች በመመሪያው ቅደም ተከተልና የማጥበቂያ ኃይል እንደገና ይጠበቃሉ፤ አዲሱ ጓርኒሲዮን በሙቀት ስለሚረግብ።