የጣርማ በሩ ዘበኛና አረንጓዴው መብራት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ጋዋኑን ለብሳችሁ የደብረ ብርሃንን ብርድ የረሳችሁ ልጆች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የቴሌኮም ኔትወርክ ወደ ደመና ሲሸጋገር» ይላል። ክላውድ ማለታቸው ነው። ሐምሌ ላይ ጭጋግ በሚሸፍነው ተራራ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ቆሞ የገዛ እጁን ማየት ያቃተው ሰው በሞላበት አዳራሽ ስለ ደመና ንገር መባሌ ትንሽ አስቆኛል።

እኔ ሥራ ስጀምር ለእያንዳንዱ ተግባር የራሱ ቁምሳጥን ነበረው። ጥሪ የሚያገናኘው አንድ፣ የደንበኛውን መዝገብ የሚይዘው ሌላ፣ ኢንተርኔቱን የሚያሳልፈው ሌላ። የአንዱ ፋብሪካ ካርድ፣ ማለትም ውስጡ የሚሰካው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የሌላው ላይ አይገባም። ካርዱ ሲቃጠል መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጥቅምት 2012፣ ኤቲኤንድቲ፣ ቢቲ፣ ዶቼ ቴሌኮምና ቻይና ሞባይል ያሉበት 13 የቴሌኮም ኩባንያዎች ጀርመን ዳርምሽታት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ባጭሩ «ሳጥኑ በቃን» ነው ያሉት። ሥራውን ሶፍትዌር ይሥራው፣ ሶፍትዌሩም ተራ ሰርቨር፣ ማለትም ትልቅ ኮምፒውተር፣ ላይ ይጫን። ክላውድ የምንለው መነሻው ይኸው ነው። በጃፓን ራኩተን ሞባይል በ2020 ለሕዝብ አገልግሎት ሲጀምር ኔትወርኩን ከመነሻው በዚሁ መንገድ ሠራው። ኤቲኤንድቲ ደግሞ በ2021 የ5ጂ ማዕከሉ የሚያርፍበትን የክላውድ ቴክኖሎጂውን ለማይክሮሶፍት አስተላለፈ።

መቃወሜ አይደለም። ካርድ ሲጠብቅ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ይህን አይቃወምም። የመጣሁት በሌላ ነገር ነው።

ታኅሣሥ ነው። እኔ ያኔ የምሠራው አንድ የጥገና ተቋራጭ ዘንድ ነበር። ከጣርማ በር አናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የቆመ አንድ ሳይት፣ የኔትወርክ ማማ ማለት ነው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይጠፋል፣ ጠዋት ይመለሳል። በማግሥቱም እንደዚያው። አዲስ አበባ ያለው ኮንትሮል ሩም ማለዳ ከርቀት ሪሴት ያደርጋል፣ አጥፍቶ ያስነሣዋል ማለት ነው፣ ሳይቱ ይመለሳል፣ የብልሽት መዝገቡ፣ ቲኬቱ፣ ላይ «ተስተካክሏል» ተብሎ ይዘጋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ! በዚያ ሦስት ሳምንት በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ በውድቅት ሌሊት ሲግናል ፍለጋ ዳገት ለዳገት ሲንከራተት ነበር። እኔ ስደውል መልሱ አንድ ነው፦ «ከእኛ በኩል ሁሉም አረንጓዴ ነው።»

በመጨረሻ ራሴ ወጣሁ። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ብሎ ተጋግሯል። ዘበኛው ባናቸውን ተከናንበው፣ የገብስ ቆሎ በእፍኝ ሰጡኝና «ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ይሄ ጀነሬተር እህህ ብሎ ይተዋል። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይነሣል። ለሚደውሉት ልጆች ነግሬያቸው ነበር፤ እሺ አባባ ብለው ዘጉት» አሉኝ።

የቮልት መለኪያዬን፣ ቴስተሬን፣ አወጣሁ። የጀነሬተሩ ማስነሻ ባትሪ ዝም ብሎ ሲቀመጥ 12 ቮልት ያሳያል፤ ጀነሬተሩን ላስነሣ ስል 7 ገባ። የሞተ ባትሪ ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ አይነሣም፣ ሳይቱ በመጠባበቂያ ባትሪ ይቆያል፣ እሱንም ብርዱ ስላደከመው ሳይነጋ ያልቃል። ፀሐይ ስትወጣ የማስነሻው ባትሪ ትንሽ ይሞቅና ይሠራል። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ግን በእኔ ሪሴት ተነሣ ይላል። እስቲ ንገሩኝ፣ ኤሌክትሪክ የሌለው ዕቃ ሪሴቱን በምን ጆሮው ይሰማል?

ኮምፒውተሩ አልዋሸም። ሶፍትዌሩ እውነትም አረንጓዴ ነበር፤ ተራራው ላይ ያለው ብረት ነው የሞተው። ባትሪው እንዲገዛ ጠየቅሁ፤ ደብረ ብርሃን የነበረው የመለዋወጫ መጋዘን «ሥራው ወደ ማዕከል ስለተዛወረ» ተዘግቷል ተባልኩ። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩት ሁለት ቴክኒሻኖችም በዚሁ ምክንያት ተሰናብተዋል። ከኪሴ ገዝቼ ቀየርኩት። ሳይቱ በዚያ ሌሊት አልጠፋም። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ምስጋና መስሏችሁ ይሆናል! «ያለ ፈቃድ ዕቃ በመቀየር» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው! ክላውድ ሳጥኑን ይቀንሳል እንጂ ሰውን ቀንሱ ያለ የለም! ያን የጀርመኑን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፤ «ዘበኛው ሲናገር አትስሙ» የሚል መስመር የለበትም! አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ የሐረርና የአዲስ አበባን 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሲያዘረጉ እንኳ ምሰሶው ሥር ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬም ያስፈልጋል!

ካናዳን ተመልከቱ። ሐምሌ 8 ቀን 2022 ሮጀርስ የሚባለው ኩባንያ ማዕከሉ ላይ በሠራው አንድ የማስተካከያ ስህተት ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹ ስልክም ኢንተርኔትም አጡ። የሚጠግኑት የራሱ ሠራተኞች የሚገናኙት በዚያው ኔትወርክ ስለነበር እነሱም አብረው ጨለመባቸው። ነገሩ የክላውድ ጥፋት ነው አልልም፤ ሁሉን ነገር አንድ እምብርት ላይ ስታስሩት የሚመጣ ነው።

ሁሉን አዲስ አበባ መሰብሰቡን ደግሞ ፊዚክሱም አይፈቅድም። በአዲሶቹ የሬዲዮ አሠራሮች አንቴናው አጠገብ ያለው ሬዲዮ ምልክቱን ወደሚያቀናብረው ሰርቨር እንዲያደርስ የሚፈቀድለት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ በፋይበር ሲለካ ብዙ ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው ወሰኑ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ደብረ ሲና ደግሞ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ስለዚህ ክላውዱ ራሱ ቁራጩን እዚህ ማስቀመጥ አለበት። ሰርቨር ያለበት ቦታ ደግሞ ማቀዝቀዣ፣ ባትሪ፣ ጀነሬተርና አይጥ አለ። አይጧን ማን ከርቀት ሪሴት ያደርጋታል?

ሰርቨሮቹ የሚሠሩበትን ሊኑክስን ተማሩ፤ ሶፍትዌሮቹን ሰርቨሮቹ ላይ የሚያስተዳድረውን፣ ኩበርኔቲስ የሚባለውንም አትፍሩት። ስለ ሳይበር ደኅንነት ልናገር ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ሄዷል፣ መምህራችሁ ያስረዷችኋል።

ይሄን ቴስተር ለወርክሾፓችሁ አምጥቼዋለሁ። ጣርማ በር የወጣው እሱ ነው። ቀዩ ገመድ ጫፉ ላይ ተልጧል፤ ከመንካታችሁ በፊት ቴፕ ጠቅልሉበት።