ከአካፋው በፊት ውሉ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ለመጨረስ እሞክራለሁ፤ ባለፈው ዓመት ያስቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ ተብያለሁና።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርሶ አደር መሬት በነጻ የማግኘት መብት አለው ይላል። እኛ ዘንድ ግን የሚታደል መሬት የለም። ግማሽ ሄክታር ቡና ያለው አባት አራት ልጆች ቢኖሩት ምን ያድርግ? የ1999ኙ የኦሮሚያ የመሬት አዋጅ ቋሚ ተክል ያለበትን ይዞታ ከ0.25 ሄክታር በታች መሸንሸን ከልክሏል። ሁለቱ ቢያገኙ ሁለቱ የሰው ቡና ለቃሚ ሆነው ይቀራሉ።

ዓይናችንን ማንም ባልፈለገው ቦረቦርና ተዳፋት ላይ የጣልነው ለዚህ ነው። አፈሩ ታጥቦ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ እየወረደ ያለ መሬት ነው። ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ፣ እርከን ተሠርቶ፣ ደሾ የሚባለው የከብት መኖ ሣር ሲተከልበት ታጭዶ ይሸጣል። ንብ አበባቸውን የምትቀስማቸው ዛፎች፣ ቢሳናውና ጌተሙ፣ ሲያድጉ ደግሞ ቀፎ ይሰቀላል፤ ንብ በሬም ማሳም አትጠይቅም። ትግራይ ውስጥ ያገገሙ ተዳፋቶች ለመሬት አልባ ወጣቶች ተሰጥተዋል። የተራቆተ ምድሩን ያለበሰው የትግራዩ መንደር አብርሃ ወአጽብሃም በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ወስዷል።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ቀበሌ ልጆቻችን አንድ ክረምት ሙሉ በጭቃ ውስጥ እርከን ሠሩ። «የመሬቱ ውላችንስ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ይደርሳል፣ መጀመሪያ ሥራው ይታይ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። መሬቱ ራቁቱን ሳለ ባለቤት አልነበረውም፤ ሣር ሲያበቅል ባለቤቱ በዛ። አንዱ የአያቴ ግጦሽ ነው አለ፣ ሌላው ከብቱን ለቀቀበት። ልጆቹ የሚያሳዩት አንዲት ወረቀት አልነበራቸውም። ከመካከላቸው ዛሬ እዚህ የተቀመጡ አሉ፤ በእናንተው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከብቱን የለቀቀውን ጎረቤት ግን አልወቅሰውም። ያ ቦታ የላሙ መዋያ ነበር፤ ሲከለል ማንም አላማከረውም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጥር የተፋሰስ ሥራው ሲጀመር፣ ወሰኑ የተለካበት፣ የመጠቀሚያው ዘመን የተጻፈበት፣ የቀበሌው ማኅተም ያረፈበት ውል ሳይዝ አንድም አባላችን አካፋ አያነሣም። በውሉ ላይ የሴቶቹም ስም በየራሳቸው ይስፈር። ከብት ሲያግዱበት የኖሩትም ይፈርሙ፤ ከሣሩ ስንት ሸክም እንደሚደርሳቸው እዚያው ይጻፍላቸው። ስንት ሸክም ይሁን የሚለውን እናንተ ተከራከሩበት። ጉባኤው ተከፍቷል።